እኛ የሰይጣን ቤት ልጆች

እናንተ የኔ ዘመን ሰዎች፣ ስሙኒ በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ሲኒማ ቤት በር ላይ የተጋፋችሁ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን በመስኮት አንገታችሁን አስግጋችሁ ያያችሁ፣ እስቲ ጠጋ በሉ። የዛሬው ጨዋታ የእናንተ ነው። ወጣቶቹም ቢሰሙ አልቀየምም፤ ስሙኒ ምን እንደሆነ ግን እናንተው አስረዱልኝ።

ነገሩን የጀመረችው የወንድሜ ልጅ ናት። ዋሽንግተን ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ አዲስ ጫማ ትንሽ ትንሽ የሚያነክስ፣ ልቧ ግን ድፍን አራዳ የሆነች ልጅ ናት። ለእረፍት መጣችና ገና በሁለተኛው ቀን፣ አቦሉን እየጠጣን፣ ስልኳን ዘርግታ «አክስቴ፣ የአዲስ አበባን የፊልምና የካርቱን ቅርስ መጎብኘት እፈልጋለሁ፤ ከየት እንጀምር?» አለችኝ። ቅርስ! ሲኒው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። እኔ ቅርስ ሲሉኝ የማውቀው ላሊበላን ነው፣ አክሱምን ነው፣ የጎንደርን ግንብ ነው። እኔ ተሰልፌ ጫማዬን የተረገጥኩበት፣ አብሮ አደጌ ነጠላዋን በወንበር ምስማር የሸረከተችበት ቦታ ቅርስ ሆነና ፈረንጅ አገር ያደገች ልጅ ልትጎበኘው መጣች! ቆይ፣ ሲኒማ ቤቱ ቅርስ ከሆነ በሩ ላይ የተሰለፍኩት እኔ ምን ልባል ነው? ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «እሺ የኔ ልጅ፣ እኔ ራሴ አስጎበኝሻለሁ፤ ክፍያዬ በየማረፊያው አንድ ማኪያቶ ነው» አልኳትና ነጠላዬን አነሳሁ።

አስጎብኚ ከመነሻው ይጀምራል፤ የኛ ከተማ ሲኒማ መነሻው ደግሞ፣ ይቅር ይበለንና፣ ሰይጣን ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። አይፈረድባቸውም እኮ! በጨለማ ቤት ቁጭ ብለህ ግድግዳው ላይ ሥጋ የሌለው ሰው ሲሮጥ፣ አፉን ሲከፍት፣ ድምፅ ግን ሳይወጣው ብታይ አንተስ ምን ትል ነበር? አያቴ ነፍሷን ይማረውና እስክትሞት ድረስ ስሙን አልለወጠችም። እኛ ያየነው ፊልም ቢያወራም፣ ቢዘፍንም፣ የክርስቶስን ሕማም ቢያሳይም ለሷ ያው ነው። እሁድ አመሻሽ ላይ በር ስንገባ ትጠብቀናለች። «ዛሬም ሰይጣን ቤት ነበራችሁ?» «አዎ እማማ።» «በሉ ጠጋ በሉ።» ከዚያ ካስቀመጠችው የጠበል ጠርሙስ እፍኝ አድርጋ ፊታችን ላይ ትረጨዋለች። ወንድሜ ስንት ሰዓት መስታወት ፊት ቆሞ በቅባት ያስተኛው ጸጉር ያን ጊዜ ብድግ ይላል። ያኔ ሰይጣኑ በከተማው አንድ ቤት ብቻ ነበረው፤ ዛሬ በየኪሳችን ገብቷል፣ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ እያደረግንለት። አያቴ ይህን ብታይ ጠበሉን በበርሜል ታስቀዳ ነበር።

ቀጥለን ፒያሳ ወጣን። እዚህ ላይ አስጎብኚዋ ራሷ ጠፋች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ስንቱ ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ፣ እኔ በእግሬ የማውቃቸው መታጠፊያዎችም አብረው ሄደዋል። «በዚህ ነው፣ አይ በዚያ ነው» እያልኩ ልጅቷን ሁለት ጊዜ አዞርኳት። ደግነቱ እሷ በስልኳ ካርታ አውጥታ መራችኝ። በልጅነቴ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበትን መንገድ ከአሜሪካ የመጣች ልጅ አሳየችኝ! አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ በወንድሜ ተጠብቄ ነበር ፒያሳ የምወጣው፤ ይኸው በስተርጅና የወንድሜ ልጅ ጠባቂዬ ሆነች፤ ቤተሰቡ ሥራውን አልለቀቀም።

ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር! እነዚህን ሁለት ስሞች ስጠራ ከእናንተ መካከል ፈገግ ያላለ ካለ ያደገው ሌላ ከተማ ነው። የእሁድ ዝግጅት ቅዳሜ ማታ ይጀመር ነበር። ሸራ ጫማ ታጥቦ በኖራ ይለቀለቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ በሄድሽበት ሁሉ ነጭ ዱካ እያራገፈ ያጋልጥሻል። ቀሚስ በከሰል ካውያ ይተኮሳል፤ አንዲት ፍም ካመለጠች አለቀልሽ። እናቴ እኔን ሲኒማ የምትለቀኝ ወንድሜ ከሄደ ብቻ ነበር፤ «ከዓይንህ እንዳትጠፋ!» ትለዋለች። እሱ ግን እዚያ የሚሄደው ለፊልሙ አልነበረም፣ የቀጠራት ልጅ ነበረችው። ስለዚህ መብራቱ እንደጠፋ እኔን ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠኝና አምስት ከረሜላ እጄ ላይ ያደርጋል፤ የዝምታዬ ዋጋ መሆኑ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ስድስት ጠየቅሁት። የዚያችን ልጅ መጨረሻ ማወቅ ለምትፈልጉ፣ አሁን የዚህችው የጎብኚዬ እናት ናት፤ ጉዳዩ በከረሜላ ተጀምሮ በድግስ ነው የተቋጨው።

አዳራሹን አስታወሳችሁት? ብድግ ስትሉ ጧ ብሎ የሚታጠፈው የእንጨት ወንበር፣ ባሕር የሚያህለው መጋረጃ፣ ከኋላ ከግድግዳው ቀዳዳ የሚወጣው ብርሃንና በብርሃኑ ውስጥ እየተጥመለመለ የሚወጣው የሲጋራ ጭስ። እኔ እኮ ፊልሙ ሲሰለቸኝ አንገቴን ቀና አድርጌ ያንን ጭስ ነበር የማየው፤ እሱ ራሱ ሌላ ፊልም ነበር። ደግሞ ያ ባትሪ የያዘው ሰውዬ! ሥራው ዘግይቶ የገባን ሰው ወንበር ማስያዝ ነበር፤ እሱ ግን ሥራውን አሻሽሎ የፍቅረኞች ፖሊስ አደረገው። ያቺ የባትሪ ብርሃን ድንገት የኋለኛው ረድፍ ላይ ስታርፍ የነበረውን ፍርጠጣ፣ የሚወድቀውን ባርኔጣ፣ የሚያስለውን ጎረምሳ ማን ይረሳዋል? የዛሬዎቹ ልጆች አዳራሽ ውስጥ ባትሪውን ራሳቸው ይዘው ነው የሚገቡት። በየእጁ አንድ አንድ ስልክ ቦግ ቦግ ሲል ያ ሰውዬ ቢያይ ማንን ይዞ ማንን ይለቅ ነበር?

ፊልሙ ሲበጠስ ደግሞ ነበር የኛ ትርዒት የሚጀመረው። ልክ አክተሩ ሽጉጡን ሲመዝ ሸራው ነጭ ይሆንና፣ ፉጨት! ጩኸት! የእግር ድለቃ! «ገንዘባችንን!» የሚል አለ፣ «ወይ ነዶ፣ ገድሎት ነበር እኮ!» የሚል አለ። ከላይ ያለው ኦፕሬተር ቆርጦ ቀጥሎ ሲያስነሳው አክተሩ ሽጉጡን መዝዞ፣ ተኩሶ፣ ገድሎ፣ ቀብሮ፣ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ እየሄደ ነው። ማን እንደሞተ ሳናውቅ የወጣንበት ፊልም አለ፤ እስከ ዛሬ ከአብሮ አደጌ ጋር የምንከራከርበት።

አንድ ነገር ግን ያለ ክርክር የተስማማንበት ነበር፦ አክተሩ አይሞትም። ይህ ሕግ ነው። መሪ ተዋናይ የሚባል ቃል የመጣው በኋላ ነው፤ ለኛ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚደባደበው ሁሉ «አክተሩ» ነው፣ የተቀረው ፍጡር በሙሉ እንዲመታ የተፈጠረ ነው። የምንሰማው እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉም የሚባል ጽሑፍ ከታች የለም። ታዲያ በየረድፉ አንድ «አስተርጓሚ» ይኖር ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር፣ ፍርሃት የማያውቅ። ካውቦዩ ጥርሱን ነክሶ አንዲት ቃል ሲወረውር የኛ ሊቅ «አባትህን የገደልከው አንተ ነህ፤ ከብቶቼንም መልስ፤ እህቴንም ተዋት፤ ነገ በማለዳ ወንዙ ጋ ጠብቀኝ ነው የሚለው» ይለናል። ይህ ሁሉ በአንድ ቃል! ከዓመታት በኋላ እንግሊዝኛ ተምሬ ያንኑ ዓይነት ፊልም ደግሜ ሳየው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የዚያ ልጅ ድርሰት ይበልጣል። ለወንድሜ ልጅ ይህን ስነግራት «አክስቴ፣ ያ ልጅ አሁን የት ነው?» አለችኝ። የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ፖለቲከኛ ቢሆን ግን አይገርመኝም።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ወረድን። ሲኒማ ራስ፣ ዛሬ ራስ ቴአትር የሚሉት፣ ደግሞም ሲኒማ አዲስ ከተማ። የሕንድ ፊልም አገር! እዚህ ማረፊያ ላይ ሁለት ማኪያቶ አስከፈልኳት፣ ምክንያቱም ወሬው ረጅም ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ እኛ እትዬ የምንላት፣ ፊደል አልቆጠረችም፤ እንግሊዝኛ ይቅርና የራሷን ስም አትጽፍም። የሕንድ ፊልም ግን እንደ ማኅበር አታጓድልም ነበር። ጋቢዋን ትደርባለች፣ ቆሎዋን በመሀረብ ትቋጥራለች፣ «ሰዎቹ እንደኛ ናቸው፣ እናት ያከብራሉ፣ ልብሳቸውም እስከ እግር ነው» ብላ እናቴን አሳምና ይዛኝ ትሄዳለች። «ማዘር ኢንዲያ»ን ያየሁት ከሷ ጋር ነው። ናርጊስ ባሏ ጥሏት ጠፍቶ፣ ልጆቿን ይዛ፣ በበሬ ፋንታ ራሷ ቀንበር ተሸክማ ስታርስ እትዬ ቆሎዋን አስቀመጠች። ጎርፉ ሲመጣ ጋቢዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከሦስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ፈሪ የሚሆን ፊልም ነው፤ መጨረሻው ላይ እናትየዋ የገዛ ልጇ የመንደሩን ሴት ጠልፎ ሲጋልብ ጠመንጃ ስታነሳበት አዳራሹ ሙሉ ጸጥ አለ፤ ቆሎ የሚቆረጥም አንድ ጥርስ አልነበረም። እትዬ ብድግ አለችና «ኧረ በማርያም! አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ናርጊስ አልሰማቻትም። እትዬ ለሳምንት ያህል ልጁን ስታለቅሰው ሰነበተች፤ ሰው «ምን ሆንሽ?» ሲላት «ሐዘን ገጥሞኝ» ትል ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ክፉው ሰውዬ ጩቤ ይዞ ከአክተሩ ጀርባ ሲንፏቀቅ «ኧረ ከኋላህ! ከኋላህ!» ብላ በእጇ የያዘችውን ቆሎ ሸራው ላይ ወረወረች፤ ቆሎው ፊታችን የተቀመጡት ሽማግሌ አንገት ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ዞር ብለው ምን አሉ መሰላችሁ? «ተይው እመቤት፣ ዘፈኑን ሳይጨርስ አይሞትም።» ለመሆኑ ያን ያህል ዘፈን ያለ አስተርጓሚ እንዴት ነበር የምንሸመድደው? ቃሉን ሳናውቅ ዜማውን ይዘን፣ ልብስ ስናጥብ፣ ሽሮ ስንቆላ፣ የማናውቀውን ቋንቋ በድፍረት ስናወርደው! ዛሬ የልጅ ልጆቼ ያንኑ በኮሪያ ድራማ ያደርጉታል። ሰላምታቸው ሳይቀር ኮሪያኛ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ እትዬን እያሰብኩ «የዘር ነው» እላለሁ።

ከሕንድ ወደ አሜሪካ ልሻገር። በፈረንጆቹ 1973 «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ወጣ፤ ሪቻርድ ራውንድትሪ፣ ጥቁር አክተር፣ ያውም ፊልሙ እኛው አገር የተቀረጸ! አዳራሹ ውስጥ የባሪያ ነጋዴዎቹን ታሪክ የተከታተለ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም አገራችንን ፍለጋ ነበር የገባነው። «ያ መንገድ እኮ…» «ዝም በል፣ ሰዎቹን አይቻቸዋለሁ!» ሲባል ፊልሙ አለቀ። ከዚያ በኋላ የከተማው ጸጉር አደገ። ወንድሜ አፍሮውን እንደ ጥድ ኮትኩቶ፣ ባለ እጀታ ሚዶ ከኋላው ሰክቶ፣ ቤልቦተሙ ከጉልበቱ በታች እንደ ድንኳን እየተንሳፈፈ ሲወርድ አባቴ ከበረንዳ ሆኖ «ይህ ልጅ ጎዳናውን እየጠረገ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ ይክፈለው» ይል ነበር። ያ አፍሮ አሁን የለም፤ ጸጉሩ ራሱ የለም። የልጁ ልጅ ግን ባለፈው ፎቶ ስትልክልን ያው ቤልቦተም እግሯ ላይ አለ። «አዲስ ፋሽን ነው» ትላለች። ወንድሜ ባዶ ራሱን እየዳበሰ አየውና «ሱሪዬን መልሱልኝ» አለ።

ብሔራዊ ቴአትር የደረስነው እግራችን ዝሎ ነው። ይህን ሕንጻ ልጆቻችን የቴአትር ቤት ብቻ አድርገው ያውቁታል፤ አወላለዱ ግን ሲኒማ ነው። ጣሊያኖቹ በወረራው ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ሊያደርጉት ጀምረውት ሳይጨርሱ ተባረሩ፤ በኋላ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ውጪ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ የቀረጸው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ለእኛ ግን አንበሳው ቅርጻ ቅርጽ አልነበረም፣ የቀጠሮ ቦታ ነበር። «አንበሳው ጋ፣ ስምንት ሰዓት!» ትባዪና ስምንት ተኩል ድረስ ቆመሽ፣ አንበሳውም ቆሞ፣ ሁለታችሁም ማንም ሳይመጣላችሁ። ዛሬ የቀጠሩት ሰው በስልክ «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ» እያለ ገና ከቤቱ አልወጣም። አንበሳው ግን እስካሁን በሰዓቱ ነው።

ካርቱኑስ? አለችኝ ልጅቷ። ካርቱኑን ለማስጎብኘት ሕንጻ አያስፈልገኝም፣ የጎረቤታችን ሳሎን ይበቃኛል።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሰፈር የገባው ግን ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ በአንድ ቤት ብቻ። ሳጥኑ አራት እግር ነበረው፣ ራሱን የቻለ በርና ቁልፍ ነበረው፣ ላዩ ላይ ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የልጆቻቸው የምረቃ ፎቶ። ሰዓቱ ሲደርስ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በራፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ይኮለኮላል፤ ሲያልቅ የተጫማነው ጫማ የራሳችን የሆነበት ቀን ጥቂት ነው። እግሩ የቆሸሸ ልጅ በመስኮት ነው የሚያየው፤ እኔ የመስኮት ደንበኛ ነበርኩ። ሥዕሉ በረዶ ሲሆን የቤቱ የበኩር ልጅ ጣሪያ ላይ ይወጣል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ! ሄደ!» «አሁንስ?» «እዚያው ላይ ቁም፣ አትንቀሳቀስ!» ልጁ አንቴናውን አቅፎ እስኪያልቅ ጣሪያው ላይ ይቆማል። የአባባ ተስፋዬን ተረት በዝናብ ካፖርት ተጠቅልሎ፣ ሳያይ፣ በሳቃችን ብቻ የተከታተለ ልጅ ነው።

አባባ ተስፋዬ! ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በዚያ መስታወት ውስጥ ሆነው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን፣ እኛ ደግሞ በአንድ ድምፅ፣ ይሰሙናል ብለን፣ «ጤና ይስጥልን አባባ!» ስንል። አንዷ ልጅ ሁልጊዜ ተነስታ መስታወቱን ትስም ነበር፤ ባለቤቲቱ እየተነጫነጩ በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉታል። በወጣትነታቸው መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ሲጠፋ ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ለካ ጦጣዋንም አያትየዋንም እንዲያ የሚያሳምሯት ወደው አይደለም! ሰውየው ለኛ ካርቱን ነበሩ፤ ቀለም ያልተቀባ፣ በአንድ ፊት ጅብም አህያም ንጉሥም የሚሆን። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሰባ ዓመት የሞላው ጎረቤቴ «አባቴን ቀበርኩ» ብሎ ነው ከለቅሶ የተመለሰው። ከዚያ ግን ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ተረት እየነገረ ሲስቅ ማምሸቱን አጫወተኝ።

በልጆቼ ጊዜ ቶምና ጄሪ ነገሡ። ቴሌቪዥናችን ቀለም የሆነው በ1977 ዓ.ም. ነው ይባላል፤ ጣቢያው ሆነ እንጂ የኛ ቤቱ ሳጥን እስከ ስንት ዓመት ጥቁርና ነጭ ነበር! ስለዚህ ቶም ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው አናውቅም ነበር። ባለቤቴ «ጥቁር ድመት ነው፣ ገዱ ጠማማ የሆነው ለዚያ ነው» ይላል፤ ትልቁ ልጄ ቡናማ ነው ብሎ ይሟገታል። ባለቀለም ገዝተን ስንከፍተው ለካ ግራጫ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ! ቡናማው አይጡ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ የቶም ደጋፊ ነበር፣ አሁንም ነው። «ምስኪን፣ የተቀጠረበትን ሥራ በሠራ በመጥበሻ ይቀጠቀጣል» ይላል፣ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ነገሩ ገብቶታል። ቶምና ጄሪ የማይናገሩ በመሆናቸው ያ የስምንተኛ ክፍል አስተርጓሚ ሥራ ፈታ፤ አያቴ ብትኖር እንኳ ጠበሉን ይዛ አብራን ትስቅ ነበር።

አሁን የልጅ ልጆቼ የራሳቸው አላቸው። ጸሐይ የምትባል ቢጫ ቀጭኔ አማርኛ አቀላጥፋ እጅ መታጠብ ስታስተምር አይቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ በአሻንጉሊት የጀመሯት ናት። በኋላ ደግሞ ሦስት ልጃገረዶች ተአምር የሚሠሩበት «ጥበብ ገርልስ» የሚባል ካርቱን መጣ። የልጅ ልጄ «እማማ፣ ጥበብ ላሳይሽ» ስትለኝ ቀሚስ መስሎኝ «ከየት ተገዛ?» አልኳት። እኔ የጎረቤት መስኮት ላይ ተሰቅዬ ያየሁትን እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ በጣቷ እያቆመች፣ እየመለሰች። አባባ ተስፋዬን መልሰሽ አቁሚልኝ ብላት ምን ነበረበት?

ወደ ሲኒማው ስመለስ፣ ስለ አብዮቱ ዘመን ብዙ አላወራላችሁም፤ ሲኒማ ቤቶቹ የመንግሥት ሆኑ፣ ካውቦዩ ፈረሱን ፈትቶ ሄደ፣ በፋንታው ታንክ የሚነዳ የሶቪየት ወታደር ገባ፤ አስተርጓሚያችን ሩሲያኛም እችላለሁ አለ። ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች መጡ፤ በር ላይ ጆንያ የተጋረደባቸው፣ ውስጣቸው አግዳሚ ወንበር፣ የካራቴው ድምፅ እስከ አስፋልት የሚሰማ፣ የልጆቼን የደብተር ገንዘብ የበሉ። ስም አልጠራም፤ የአንዱ ባለቤት አሁን ዕቁብ አብሮኝ የሚጥል የተከበረ ሽማግሌ ነው።

የራሳችን ፊልም ነገር ግን መታለፍ የለበትም። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በፈረንጆቹ 1964 ሲወጣ እኔ ገና የወተት ጥርሴን የምነቅል ነበርኩ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ላምብሮስ ጆካሪስ የሚባል ግሪካዊ ያዘጋጀው። እናቴና ጓደኞቿ ቡና ላይ ስሙን እያነሱ ሲሳሳቁ፣ እኔ «ታዲያ አባቷ ማነው?» ብዬ ጠይቄ ኩርኩም ቀመስኩ። መልሱን አሁንም አልነገሩኝም። ከዚያ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ፤ ይኸው ዛሬ በየዓመቱ ቀይ ምንጣፍ የሚነጠፍለት የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ከዚያ ረጅም ዝምታ መጣና ቀጥሎ፣ የቪዲዮ ካሜራ ሲረክስ፣ ዶፍ! «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰለ ፊልም ለማየት አምባሳደር በር ላይ የተሠራውን ሰልፍ ታስታውሳላችሁ? የስኳር ሰልፍ መስሏቸው ዘንቢል ይዘው የተሰለፉ እናት አይቻለሁ፤ ሲደርሳቸው ፊልም መሆኑን ሰሙ፣ ትንሽ አሰቡና «ከተሰለፍኩ አይቀር» ብለው ከነዘንቢላቸው ገቡ።

ከዚያማ ሲኒማ ቤቱ በረከተ፦ ሴባስቶፖል፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቦሌ መንገድ ላይ ያቆመው ዓለም ሲኒማ፣ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ። ማቲ ባለ መነጽሩን ፊልም ልጆቼ ሲጋብዙኝ እኔ መነጽሩን በራሴ መነጽር ላይ ደርቤ፣ ዓሣው ወደ አፍንጫዬ ሲመጣ በጥፊ መትቼው የጎረቤቴን ፈንዲሻ አፍስሻለሁ። ያ ፈንዲሻ ደግሞ ዋጋው! ያኔ በሽልንግ ፊልሙን አይተን፣ ቆሎ ገዝተን፣ ሎሚ መጥምጠን፣ በተረፈው እንመረቅ ነበር ማለት ይቀረኛል። አሁን ፈንዲሻው የድሮውን የቤት ኪራይ ያህላል። ግን ይጣፍጣል፣ አልዋሽም፣ ቅቤም አለው።

አስቂኙን እስቲ ስሙ። ለልጅቷ ኃይሌ ገሪማን ላስተዋውቃት ተነሳሁ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የሠራ፣ በፈረንጆቹ 2008 «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ያገኘለት፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት የወሰደ፣ የጎንደር ልጅ። እያበጥኩ ስተርክ አቋረጠችኝ። «አክስቴ፣ የሱ መጻሕፍት ቤት እኮ እኛ ሰፈር ነው፤ ሳንኮፋ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት። ቡና የምጠጣው እዚያ ነው።» ስንት ሺህ ማይል ተጉዛ የመጣችለት ቅርስ ቤቷ በር ላይ ቡና እየሸጠ! ማኪያቶዬን በዚያው አስመለሰችኝ፤ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ጉብኝቱን የዘጋነው ፊልም በማየት ነው። ልጅቷ ከሩቅ አገር ልማዷ ጋር ነው የገባችው፤ ስልኳን አጠፋች፣ ፈንዲሻዋን በቀስታ ማኘክ ጀመረች፣ እኔ ገና አፌን ስከፍት «እሽሽ!» አለችኝ። የአማርኛ ፊልም ነው፣ ፍቅርም ተንኮልም ያለበት። ከኋላችን የተቀመጡት ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ እየመከሩ ነው፦ «አትመኚው፣ ዓይኑን አላየሽም?» «እናቱን ስሚ አንቺ!» ልጅቷ አንዴ ዞር ብላ ገላመጠቻቸው። ሁለቴ ገላመጠቻቸው። ሦስተኛው ላይ ፈንዲሻ አቀበሏትና አፈረች።

ከዚያ ያ ከይሲ ሰውዬ ባሕር ዛፎቹ መካከል ተደብቆ፣ ሴቲቱ ምንም ሳታውቅ በስልክ እየሳቀች ስትመጣ፣ ከጎኔ አንድ ጩኸት ተነሳ፦ «ኧረ ከኋላሽ! ሴትዮ! ከኋላሽ!» እያነከሰ፣ እየተንገዳገደ፣ ግን ጥርት ያለ የእትዬ ድምፅ። ዞር ብዬ አየኋት፤ ብድግ ብላ ቆማለች፣ ፈንዲሻው መሬት ላይ ነው።

ከኋላ አንዷ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ «ተቀመጪ የኔ እህት፣ አትሰማሽም፤ ኢርፎን አድርጋለች» አለቻት።